የሲጋራ ነጋዴ ማንን ይፈልጋል? እኛስ ማንን ረሳን?

በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር



 ከእኛ በፊት የተናገሩት ስለ ቀብር መረዳጃው፣ ስለ ቅዳሜው የአማርኛ ትምህርትና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ብዙ ደስ የሚያሰኝ ነገር አሰምተውናል። ለእኛ ለጤና ኮሚቴ አባላት የተሰጠን ርእስ ሲጋራ ነው። በበዓል ቀን ስለ ሲጋራ መስማት ደስ እንደማያሰኝ እናውቃለን። እንዲያውም ከመካከላችን ጥቂቶች ይህን ርእስ ሲሰሙ ደጅ ወጥተው እያጨሱ መሆናቸውን በመስኮቱ እያየን ነው። አንጣራቸውም፤ ሲጨርሱ ይገባሉ።

የምንጠራቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአገራችን እንጀምር። አብዛኞቻችን ያደግነው ሲጋራ ነውር በሆነበት ቤት ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው መከልከላቸውን ከታላላቆቻችን ሰምተናል፤ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ አጫሽ በበጎ ዓይን አይታይም። ሱረቱና ጋያው በየአካባቢው ቢኖርም፣ ፋብሪካ የጠቀለለው ሲጋራ በብዛት የገባው በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ከተቋቋመ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ራሱ ሲጋራ ሻጭ ሆነ። የኒያላን ፓኮ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ ብለን አንገምትም፤ ለአባቱ ወይም ለጎረቤት ጋሼ ከሱቅ ነጠላ ሲጋራ ለመግዛት ያልተላከም ጥቂት ነው። ያም ሆኖ በ2016 በተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን 5 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ስንሰማ እኛ ተመስገን እንላለን። የሲጋራ ነጋዴ ግን ያንኑ ቁጥር አይቶ ገና ያልታረሰ መሬት አገኘሁ ይላል። በዚያው በ2016 የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ላይ 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 መጨረሻ ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰው። ከመቶ ሰው አምስቱ ብቻ ትምባሆ ለሚነካበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ለዛሬዎቹ አምስት ሰዎች ተብሎ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ እንዳይጨስ አግዷል፤ ፓኮው ላይም 70 በመቶውን የሚሸፍን በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዟል። አፈጻጸሙ ሌላ ጉዳይ ነው። በወረቀት ላይ ግን አዲስ አበባ ከአትላንታ ትበልጣለች፤ ይህን የምንለው እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ብዙ ጊዜ ስለማናገኝ ነው።

አሁን ወደምንኖርበት ከተማ እንምጣ።

በ1990 መጀመሪያ ላይ አር ጄ ሬይኖልድስ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ አፕታውን የሚባል አዲስ ሜንቶል ሲጋራ በፊላዴልፊያ ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። ሲጋራው ለጥቁር አሜሪካውያን ተብሎ የታሰበ ነበር፤ ኩባንያውም ይህን አልደበቀም። በጊዜው የፌዴራል የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሉዊስ ሰሊቫን ናቸው። እኒህ ሰው ለእኛ ባዕድ አይደሉም፤ እዚሁ አትላንታ ያለውን የሞርሃውስ የሕክምና ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ናቸው። ጥር 18 ቀን 1990 ፊላዴልፊያ ሄደው ሲጋራውን በአደባባይ አወገዙ። በዚያው ከተማ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ቀሳውስቱ ሳይቀሩ፣ አስቀድመው ተነሥተው ነበር። ኩባንያው በማግስቱ እቅዱን ሰረዘ። አፕታውን የሚባል ሲጋራ አንድም ቀን ሳይሸጥ ቀረ።

ይህን ታሪክ የምንወደው ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ ሁለት ነገር ስለሚያስረዳ ነው። አንደኛ፣ ሲጋራ በዘፈቀደ አይሸጥም። ኩባንያው ሰውን በሰፈሩ፣ በቀለሙ፣ በኑሮውና በብሶቱ ከፋፍሎ ያጠናዋል። ሁለተኛ፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ ወገኔ ብሎ የጮኸ ሰው ነበር። ወገኔ የሚላቸው ሰው ያልነበራቸው ሰዎች ዘንድ የሆነው ሌላ ነው፤ ዛሬ ይልቁንም ልንነግራችሁ የፈለግነው ስለ እነርሱ ነው።

ከኮሚቴያችን ውስጥ እንኳ ይህ ርእስ በበዓል ቀን ይነሣ ወይስ አይነሣ በሚል ሁለት ስብሰባ ፈጅተናል። የምንናገረው ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ሁለቱንም ፆታ ስለሚወዱ ሰዎች ነው። በመካከላችን ሃይማኖታችን አይፈቅድም የሚሉ አሉ፤ አስተሳሰባቸውን ለመለወጥ አልተነሣንም። እኛ የጤና ኮሚቴ ነን፤ የምንጠየቀው ስለ ሳንባና ስለ ልብ ነው። ጥቂት ደቂቃ በትዕግሥት እንድትሰሙን እንለምናለን።

በ2020 የተሰበሰበ የፌዴራል መንግሥት መረጃ እንደሚያሳየው፣ ከእነዚህ አዋቂ ሰዎች መካከል 16.1 በመቶው ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ከሌላው ሕዝብ ደግሞ 12.3 በመቶው። ቬፑም ሲጋሩም ሌላውም የትምባሆ ዓይነት ሲደመር 25.1 በመቶ በ18.8 በመቶ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? እንዲህ ያለ ሰው ሲወለድ ሲጋራ ይዞ አይወለድም።

አንዱ ምክንያት ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ1990 የኤድስ ጉዳይ ተሟጋቾች በፊሊፕ ሞሪስ ላይ አድማ ጠሩ፤ ማርልቦሮ አናጨስም፣ ሚለር ቢራም አንጠጣም አሉ። የአድማው ምክንያት ሲጋራው አልነበረም፤ ኩባንያው ጄሲ ሄልምስ የተባሉትን የእነርሱ ጠላት ሴናተር በገንዘብ መደገፉ ነው። በ1991 ታረቁ፤ ኩባንያው ለኤድስ ጉዳይ የሚሰጠውን እርዳታ ሊጨምር ቃል ገባ። በ1992 ደግሞ ያው ኩባንያ ለወንዶች ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በሚታተም ጆንር በተባለ መጽሔት ላይ የቤንሰን ኤንድ ሄጅስ ማስታወቂያ አወጣ። በዚያ ዘመን ትልልቅ ኩባንያዎች በእንዲህ ያለ መጽሔት ላይ መታየት ይፈሩ ነበር። ስለዚህ ብዙ አንባቢዎች በማስታወቂያው አልተቆጡም፤ ተደሰቱ። ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ሰው አንድ ትልቅ ኩባንያ በስሙ ሲጠራው ምን እንደሚሰማው እኛ ስደተኞች እናውቃለን። ባንኩ በአማርኛ ወረቀት ያሳተመ ጊዜ ስንቶቻችን ደስ ብሎን ሒሳብ ከፈትን!

ፊት ለፊት እንዲህ ሲያሞግሷቸው በጓዳ ምን ይሏቸው እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። በ1998 በ46 ክፍለ ግዛቶችና በትልልቆቹ የሲጋራ ኩባንያዎች መካከል በተደረገው ስምምነትና በተያያዙት የፍርድ ቤት ክርክሮች የተነሣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የውስጥ ሰነዶች ለሕዝብ ተከፈቱ። ከእነርሱ መካከል አፕታውንን ሊያወጣ የነበረው የዚያው የአር ጄ ሬይኖልድስ ወረቀት ይገኛል። ኩባንያው በ1990ዎቹ አጋማሽ በሳን ፍራንሲስኮ ለሁለት ዓይነት ሰዎች ካሜል ሲጋራ የሚሸጥበት እቅድ ነበረው፤ ለካስትሮ ሰፈር ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ቤት አጥተው መንገድ ላይ ለሚያድሩ ሰዎች። እቅዱ ስም ወጥቶለት ነበር፤ ፕሮጀክት ስከም። የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ተገጣጥመው የሰጡት ስም ነው ይባል እንጂ፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ ሰው ሲሰደብበት ምን ማለት እንደሆነ ልጆቻችሁን ጠይቁ። በአማርኛ አተላ ብንለው ብዙ አንሳሳትም። ነውሩ የታወቀው አንድ ሰው ከሰነዶቹ በአንዱ ላይ ስሙን በእጁ ሰርዞ ሳወርዶ ብሎ ጽፎበታል፤ ይህ ሳን ፍራንሲስኮ የምትታወቅበት ኮምጣጣ ዳቦ ነው። ስሙ ተለወጠ፤ እቅዱ ያው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ቤት ማጣት ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ለብዙ ዘመን ያለ ፍርሃት የሚገናኙበት ቦታ መጠጥ ቤት ብቻ ነበር፤ በመጠጥ ቤት ደግሞ ይጨሳል። ጆርጂያ በ2005 ያወጣችው ሕግ ከ18 ዓመት በታች የማያስገቡትን ቡና ቤቶችና ምግብ ቤቶች አልነካም። የአትላንታ ከተማ ምክር ቤት በ2019 ባጸደቀው ደንብ መሠረት በከተማው ቡና ቤቶችና ምግብ ቤቶች ማጨስ የተከለከለው ገና ከጥር 2 ቀን 2020 ጀምሮ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው የምትሠሩ ታስታውሳላችሁ፤ በየኮንኮርሱ የነበሩት የመስታወት ማጨሻ ክፍሎች የተዘጉት ያን ጊዜ ነው። አንዲት አባላችን ያንን ክፍል ለዓመታት ስታጸዳ ኖራለች፤ ቤቷ ስትገባ ልጆቿ ልብስሽን ደጅ አውልቂ ይሏት ነበር፤ እርሷ ግን አንድም ቀን አጭሳ አታውቅም።

የመጠጥ ቤቱን ነገር ስናነሣ ስለ ሌላ ሰው ብቻ የምናወራ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ልጆች የሚገናኙበት ቦታ የት ነው? ሺሻ ቤት። እናቱ የማትጠይቀው፣ የሰፈር ሰው የማያየው፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም እንደ ልብ የሚነገርበት ቦታ ለወጣቱ ያ ብቻ ከሆነ፣ ወደዚያ መሄዱ አይደንቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ ሰዓት ሺሻ ስቦ የተነሣ ሰው፣ አንድ ሲጋራ ካጨሰ ሰው ከመቶ እስከ ሁለት መቶ እጥፍ የሚበልጥ ጢስ ይወስዳል። ጢሱ በውሃ ስላለፈ ታጥቧል የሚለው ወሬ ውሸት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። ማኅበራችን አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ለእግር ኳስ ውድድሩ ገንዘብ አጥሮን፣ ከአንድ ሺሻ ቤት ስፖንሰር ተቀበልን። የቤቱ ስም በልጆቹ ማሊያ ጀርባ ላይ ታተመ። የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበሩ። ያን ቀን ከኮሚቴው አንድም ሰው አልተቃወመም፤ ገንዘቡ ተገኘ ብለን አጨበጨብን። ፊሊፕ ሞሪስ በ1991 ያደረገውን ስናነብ ማሊያው ትዝ አለን። ለዚህ መጽሔትም ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ ሙሉ ገጽ፣ በቀለም፣ የሕትመቱን ወጪ ግማሽ የሚሸፍን። ሥራ አመራሩ ተከራክሮ በአንድ ድምፅ ብልጫ አልቀበልም አለ። መጽሔቱ ዘንድሮ ቀጭን የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ከሦስት ዓመት በፊት ሲጋራ ማቆም ለሚፈልጉ አባላት አንድ ትንሽ ቡድን አቋቋምን። ቅዳሜ ጧት ሰባት ስምንት ሰው ይመጣል፤ ታክሲ የሚነዱ፣ የቀድሞ ወታደሮች፣ ሌሊት የሚሠሩ። ከመጡት አንዱ ወጣት ነበር። የሚከተለውን የምንናገረው እርሱ ስሜ ሳይጠራ ንገሩ ብሎ ስለ ፈቀደልን ነው። በቀን አንድ ፓኮ ያጨስ ነበር። ስድስት ሳምንት ሳያቋርጥ መጣ፤ በአምስተኛው ሳምንት በቀን ወደ ሦስት አውርዶት ነበር። የት ነው የጀመርከው ብለን ስንጠይቀው ሚድታውን፣ ጓደኞቼ ያሉበት ቡና ቤት አለ። ለምን እዚያ ስንለው ትንሽ ዝም ብሎ፣ መቼ ነው የምታገባው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስለሌለ አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ የገባው ሰው ገባው።

በስድስተኛው ቅዳሜ ስብሰባው አልቆ ቡና ስንጠጣ አንድ ሰው ቀልድ ቀለደ። ቀልዱን አንደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በየሰርጉና በየልደቱ የሚቀለደው ዓይነት ነው። በወጣቱ ላይ ታስቦ የተቀለደ አልነበረም፤ የቀለደውም ክፉ ሰው አይደለም። ሁሉም ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ይህን ቃል በቃለ ጉባኤያችን ላይ ጽፈነዋል። ወጣቱ ሲኒውን አስቀምጦ አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከሁለት ወር በኋላ ስንደውልለት ሲጋራው ወደ አንድ ፓኮ ተመልሶ ነበር።

እንግዲህ የሲጋራ ኩባንያው ለዚህ ልጅ መጽሔት ላይ ገጽ ገዝቶለታል፣ በመጠጥ ቤቱ ክብሪትና መተርኮሻ አስቀምጦለታል። እኛ ደግሞ ሳቅንበት። ወዴት ይሂድ?

ኤች አይ ቪን በተመለከተም አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህ ደግሞ ለሁሉም ነው፣ በእኛ ወገን በሽታው የገባበት ቤት ብዙ ነውና። በ2013 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት ሕክምናቸውን በሚገባ ከሚከታተሉ ሰዎች መካከል በሽታው ራሱ ከዕድሜያቸው ወደ 5 ዓመት ሲቀንስ፣ ማጨሳቸው ግን ከ12 ዓመት በላይ እንደሚቀንስ አግኝቷል። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ የሚያጨስ ሰው ከቫይረሱ አምልጦ በሲጋራው ይያዛል ማለት ነው። ይህን በምሥጢር የምታውቁት ዘመድ ካላችሁ በምሥጢር ንገሩት።

ስቶርና ነዳጅ ማደያ ያላችሁ አባሎቻችን እስካሁን ዝም ብላችሁ ስትሰሙ ቆይታችኋል፤ ስለ እናንተም እንናገራለን። የማኅበራችን አዳራሽ ኪራይ ግማሹ ከእናንተ ኪስ እንደሚወጣ እናውቃለን፤ ከካዎንተሩ ጀርባ አሥራ አራት ሰዓት መቆም ምን እንደሆነም ከመካከላችን የቆምንበት አለን። ሲጋራ ካልሸጥኩ ሱቁ ይዘጋል የሚል ሰው አይዋሽም። ነገር ግን በሱቃችሁ ውስጥ ያለው የሲጋራ መደርደሪያ የእናንተ እንዳልሆነ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የኩባንያው ወኪል መጥቶ የቱ ከየት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ሥዕል ከየት እንደሚሰቀል ይናገራል፤ በውሉ መሠረት ካስቀመጣችሁ ዋጋውን ዝቅ ያደርግላችኋል። ባይዳውን የምትሉት ይህን ነው። የሲጋራ ኩባንያዎች በ2019 ብቻ በዚህ አገር ለገበያ ማስፋፊያ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥተዋል፤ አብዛኛው ገንዘብ የሄደው ለቴሌቪዥን አይደለም፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ማስተዋወቅ ከ1971 ጀምሮ ክልክል ነው። የሄደው ለዋጋ ቅናሽ ነው። ማስታወቂያው ዛሬ የእናንተ ግድግዳና የእናንተ ካሽ ሬጅስተር ነው።

ግብሩም ያግዛቸዋል። ጆርጂያ በ2003 በአንድ ፓኮ ላይ የጣለችው 37 ሳንቲም ከሃያ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቷል፤ ከእርሷ ያነሰ የሚያስከፍል ሚዙሪ ብቻ ነው። በዚችው ጆርጂያ በየዓመቱ 11,700 ያህል ሰው ከማጨስ በመጣ በሽታ ይሞታል። በ2022 የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሜንቶል ሲጋራን ሊያግድ አስቦ ነበር፤ በጥር 2025 እቅዱ ተነሣ። ሜንቶል ጉሮሮን ስለሚያቀዘቅዝ ለጀማሪ ይለሰልሳል፣ ለማቆም ደግሞ ያስቸግራል። በመሞሪያል ድራይቭና በክላርክስተን ዙሪያ ስቶር ያላችሁ ከሁሉ ይልቅ የምትሸጡት የትኛውን እንደሆነ ራሳችሁ መስክሩ።

ሱቃችሁን ዝጉ አንላችሁም። የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላው አትሽጡ፤ ይህ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ የአገሩ ሕግ ነው፣ የአባሎቻችንን ልጅ ግን መታወቂያ ሳትጠይቁ የምትሸጡ አላችሁ፤ እናውቃችኋለን፣ ስም አንጠራም። ነጠላ አትሽጡ፤ እርሱም ክልክል ነው። ሌላው ከረሜላው ካለበት አጠገብ ቬፑን አታስቀምጡ። ውሉ አስገድዶን ነው የምትሉ ውሉን ይዛችሁ ኑ፤ ከአባሎቻችን መካከል ያለው የሕግ ባለሙያ ያለ ክፍያ አነብላችኋለሁ ብሏል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በሲጋራ ላይ ብዙ ጥናት በተሠራባት ከተማ መሆኑ ያሳዝናል። ሲዲሲ የሚባለው የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት እዚሁ ክሊፍተን መንገድ ላይ ነው፤ ከእኛም በጥበቃ፣ በላቦራቶሪና በወጥ ቤት የሠሩበት አሉ። ቀዳዳ ጉሮሯቸውን እያሳዩ ስለ ሲጋራ የሚናገሩትን ሰዎች በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል፤ ከ2012 ጀምሮ ያን ያሠራው የዚህ መሥሪያ ቤት የማጨስና ጤና ክፍል ነው። ከቀረቡት ሰዎች መካከል ስትሮክ የመታው ኤች አይ ቪ ያለበት ሰውም ነበር። በሚያዝያ 2025 በተደረገው የሠራተኛ ቅነሳ ክፍሉ ሰዎቹን አጣ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥትን እጅ ብቻ እየጠበቅን መቀመጥ እንደማያዋጣ ለሥራ አመራሩ ጽፈናል።

ስለዚህ በራሳችን አቅም የምናደርገውን እንንገራችሁ። ቡድኑ አልተበተነም። በየወሩ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ቅዳሜ ጧት በዚሁ አዳራሽ የኋላ ክፍል ይሰበሰባል። ኒኮቲን ያለው ፕላስተርና ማስቲካ እንዴት እንደሚወሰድ የምታስረዳ ነርስ አለችን፤ ፕላስተሩ ከማስቲካው ጋር ሲሆን ለብቻው ከሚወሰደው የተሻለ እንደሚረዳ ትነግራችኋለች። ሐኪም የሚያዝዛቸው ክኒኖችም አሉ። ወደ እኛ መምጣት የሚያሳፍራችሁ በ1-800-784-8669 ደውሉ፤ ከክፍያ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። አንድ ጊዜ አቁሞ የተመለሰ ሰው አይፈር፤ ከመካከላችን በሰባተኛው ሙከራ ያቆመ አለ፣ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፣ ሚስቱ እየሳቀችበት ነው።

በቡድኑ ውስጥ ሁለት ደንብ አወጣን። አንደኛው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ለምን እንዳላገባ፣ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሁለተኛው፣ ከስብሰባው በኋላ በሚፈላው ቡና ላይ በሰው ኑሮ አይቀለድም። ሁለተኛውን ያሳሰበው ያን ቀን የቀለደው ሰው ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የተናገረው። ለወጣቱም ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠይቋል። ምን እንደተባባሉ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ወጣቱ እመጣለሁም አልመጣምም አላለንም። በጥቅምት ግን ስለ እርሱ እንድንናገር ፈቅዶ መልእክት ሲልክልን፣ ፕላስተሩ የሚሸጠው በየትኛው ፋርማሲ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ነግረነዋል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ለልጆች ማሊያ የሚሆን ገንዘብ ዘንድሮም ጎድሏል፤ በር ላይ ሣጥን ተቀምጧል፣ ስትወጡ እዩት። የጀርባው ቦታ ባዶ ነው፤ ምን ይጻፍበት በሚለው ላይ ሐሳብ ያለው ለኮሚቴው ይስጥ።

 ደጅ ያሉትን አሁን ጥሩልን፤ ምግቡ ሊቀርብ ነው።